ደጋን ላይ ያላገኘሁት ሰው

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልተናገርኩም፣ ለልጆቼ አልተናገርኩም፣ በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ፊታቸው የምንበረከከው የነፍስ አባቴም አያውቁትም። ለእሳቸው ሌላ ሌላውን ነው የምናዘዘው፤ ሐሜቱን፣ ቁጣዬን፣ ጾም የገደፍኩበትን ቀን። ትንንሹን ኃጢአት እየዘረዘርኩ ትልቁን ከሥሩ እደብቃለሁ፤ እሳቸውም ፈትተው ያሰናብቱኛል። ምን ዓይነት ኑዛዜ ነው ይሄ? ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ኖርኩ፤ አሁን ግን በገዛ ራሴ ተማርሬያለሁ። እስቲ እናንተ ስሙኝ።

እኔ ወንድሜን ገድዬዋለሁ። በእጄ አይደለም፣ በአፌ ነው።

ወንድሜ አስናቀ ከቤት የወጣው መንግሥት ከተለወጠ ሰባተኛው ዓመት ላይ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ደሴ ውስጥ ሥራ ፍለጋ ሁለት ዓመት ከዞረ በኋላ፣ እንደ ብዙው የአገራችን ወጣት በባቲ አድርጎ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕሩን ተሻግሮ ዐረብ አገር ሊገባ ተነሣ። ጅቡቲ ሲደርስ በሰው እጅ አንድ ደብዳቤ ላከልን፤ በዚህ ሳምንት ጀልባ እንሳፈራለን፣ ጸልዩልኝ ይላል። ከዚያ በኋላ ዝም። ወር ዝም፣ ዓመት ዝም።

አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን የቀረነው እናቴና እኔ ነበርን። እኔም ብሆን ሳምንቱን የማሳልፈው ኮምቦልቻ ነው፤ እዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ እመጣለሁ። ስደርስ የማገኘው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ ከደጁ ትይዩ ተቀምጣለች። ብርዱና ጉሙ ቤቱን ሞልቶታል። በሩን ልዝጋው ስላት፣ ሲመጣ ተዘግቶ እንዳያገኘው ትለኛለች። ያልተተኛበት የአስናቀ አንሶላ በየሳምንቱ ይታጠባል። ከኩታበር ገጠር ዘመድ በእንግድነት ቢመጣ መሬት ይነጠፍለታል እንጂ እዚያ አልጋ ላይ አይተኛም።

ወሬ መጣ ወይ ስላት፣ አልመጣም። ታዲያ ምን ይሻለናል ስላት፣ "እሱ ያውቃል፣ ሆድዬ።" እሱ ያውቃል! ይቺን ሁለት ቃል ስንት ቅዳሜ ሰማኋት? እሱስ ያውቃል፤ እኔ መቼ ልወቅ? እሷ ደግሞ አትቆጣ፣ አታማርር፣ አንድ ቀን እንኳ ደረቷን ይዛ "ኧረ አምላኬ ምነው" አትል። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ተነሥታ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ ተመልሳ በሩን ገርበብ ታደርጋለች፣ ትቀመጣለች። ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ወደ ሥራ ስታልፍ "አብሽሪ እንግዲህ፣ አላህ ያመጣዋል" ትላታለች፤ እናቴም "አሜን" ትላለች። ሁለቱም በዚህ ረክተው ይለያያሉ። እኔ ነኝ የምቃጠለው።

እውነቱን ልናገር ብዬ የለ? የተቃጠልኩት ለአስናቀ ብቻ አልነበረም። ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ የሚሠራ መላኩ የሚባል ሰው ሊያገባኝ ይፈልግ ነበር፤ እኔም እፈልገው ነበር። ሽማግሌ ላከ። እናቴ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብላ፣ አብልታ አጠጥታ፣ ነገሩን ሰምታ፣ ቀጠሮ ሰጠቻቸው። ቀጠሮው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "የቤቱ ወንድ አስናቀ ነው። እሱ መጥቶ እህቱን ይዳር።" በዓመቱ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ፤ ያንኑ አለቻቸው። በሦስተኛው ዓመት ሲመጡ አንደኛው ሽማግሌ ሞቶ በምትኩ ልጁ ነበር የመጣው። እሱንም ያንኑ አለችው።

የዚያን ቀን ሽማግሌዎቹ እንደወጡ ትዕግሥቴ አለቀ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል፣ መላኩም ሰው ነው፣ እስከ መቼ ይጠብቀኝ? እግዜር መልስ ቢኖረው እስከ ዛሬ ይመልስልሽ ነበር አልኳት። ጮኼ ነው ያልኳት። እናቴ አልተቆጣችም። ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበትን ወንበር ወደ ቦታው እየመለሰች፦

"ዝም አለኝ እንጂ መቼ እንቢ አለኝ?" አለች።

ይህን የምትለው መላ አጥታ ነው? ለምና ለምና ደክሟት ነው? አይደለም፤ ከልቧ ነው። እኔ ግን በዚያች ቃል ተያዝኩ። ዝም አለኝ እንጂ እንቢ አላለኝም። እንቢ ቢላትስ? እንቢ ቢላት ታለቅሳለች፣ ዓመት ታዝናለች፣ ከዚያ በሩን ትዘጋለች። ከዚያ እኔም አገባለሁ። ኮምቦልቻ እስክወርድ በመኪናው ውስጥ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። እግዜር ያልሰጣትን እንቢታ እኔ ልሰጣት ወሰንኩ።

በሳምንቱ ደሴ አልገባሁም፤ በቀጥታ ኩታበር፣ ገበሬው አጎቴ ጋሼ ታደሰ ዘንድ ሄድኩ። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ከቤቱ ጓሮ ጠርቼው፣ በባቲ መንገድ ባለችው ከተማ፣ ደጋን ላይ፣ ከዐረብ አገር የተመለሰ ሰው አገኘሁ አልኩት። ከአስናቀ ጋር አንድ ጀልባ ተሳፍረው ነበር አልኩት። ጀልባዋ ተገለበጠች፣ ጥቂቶች ተረፉ፣ አስናቀ አልተረፈም አልኩት። አጎቴ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀኝ።

"ሰውየው በዓይኑ አይቷል?"

"አይቷል" አልኩ።

አይቷል አልኩ። ደጋን ላይ ማንንም አላገኘሁም። ደጋን አልሄድኩም። አይቷል አልኩ። ሌላ ጥያቄ ቢያነሣ እሳሳት ይሆን ነበር፤ መርዶ ይዞ የመጣን ሰው ግን በእኛ ዘንድ ማን ይመረምራል? አጎቴ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ አለቀሰ። ከዚያ ዐይኑን ጠርጎ ያጽናናኝ ጀመር፤ ይህን ጉድ ብቻሽን እንዴት ተሸከምሽው እያለ። የመኸሩ ሥራ እስኪያልቅ፣ ዘመድም እስኪሰበሰብ እናትሽ ከፊትሽ እንዳታነበው፣ ጠንክሪ አለኝ። መርዶ የያዘ ሰው እንደሚያደርገው ሁለት ቅዳሜ ፊቴን ደብቄ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። በእነዚያ ሁለት ቅዳሜዎች ውሸት ነው ለማለት ስንት ጊዜ ነበረኝ! በሩ እንደ ልማዱ ገርበብ ብሎ ነበር፤ በርዶኝ ነበር፤ አፌን አልከፈትኩም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ማግስት ጎህ ሲቀድ መጡ። አጎቴ ከፊት፣ የእድሩ ሰዎች፣ ቄሱ፣ እትዬ ዘሀራና የሰፈሩ ሴቶች ከኋላ። በሩን ማንኳኳት አላስፈለጋቸውም። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ተነሥታ ነበር። ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው። አጎቴ ሲነግራት አልጮኸችም። ማን አየ ብላ ጠየቀች። አጎቴ ወደ እኔ አመለከተ። እናቴ ዞራ አየችኝ። ያን ጊዜ እንኳ መመለስ እችል ነበር። አብሮት የተሳፈረው ሰው አይቷል፣ እማዬ፣ በዓይኑ አይቷል አልኳት።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ጩኸት የሷ ነው። አስከሬን በሌለበት ልብሱንና ፎቶውን ዘርግተው አለቀሱ። ቄሱ በክርስትና ስሙ ፍትሐት አደረሱለት። አርባው ወጣ። እኔም አለቀስኩ፤ ሰው ሁሉ ለአስናቀ ያለቀስኩ መስሎታል።

በሦስተኛው ቀን እናቴ አጠገቧ አስቀምጣ እጄን ያዘች። ድምጿ ዘግቶ ነበር። እግዜር ክፉም ቢሆን መለሰልኝ፣ አልረሳኝም ነበር አለችኝ። ከዚያ ያን ሰውዬ ማን ይሉታል ብላ ጠየቀችኝ። ከበደ አልኩ፤ መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው ስም ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ እናቴ በጸሎቷ ከበደን ትጠራው ነበር። እውነቱን ሳይደብቅ ላከልኝ፣ መንገዱን ያቅናለት፣ እናቱን አያሳዝንበት ትላለች። የሌለ ሰው! እናት የሌለው፣ መንገድ የሌለው፣ ደጋን ላይ ያላገኘሁት ሰው። ለእሱ ስትጸልይ እያየሁ አሜን እል ነበር።

እኔ የዋሸሁት እናቴን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። እሷ ስትጠብቅ የኖረችው የእግዜርን ቃል ነበር፤ እኔ የራሴን ቃል በእሱ አፍ አስገባሁ። እሷም ከእሱ ነው ብላ ተቀበለችው፤ አመሰገነችው። ይህንን በየትኛው ጾም፣ በስንት ስግደት ነው የማወራርደው?

በሩ ተዘጋ። እናቴ ጥቁር ለበሰች። ዓመት ሲሞላ እኔና መላኩ ተጋባን፤ ማቋን ሳታወልቅ መረቀችን። መላኩ ጥሩ ባል ሆነ። ይህም ያበሽቀኛል። ክፉ ቢሆን ኖሮ ቅጣቴ ነው ብዬ እቀመጥ ነበር።

ከሠርጉ ሁለት ዓመት በኋላ አንድ እሑድ ከእትዬ ዘሀራ ቤት እልልታ ተሰማ። የእህቷ ልጅ፣ እሱም በዚያው መንገድ ሄዶ ለስድስት ዓመት የጠፋው፣ በጎረቤት ስልክ ደወለ። አልሞተም። አንድ በረሃ ውስጥ ከብት ሲጠብቅ ነው የኖረው፣ ወረቀትም ስልክም የሚባል አያውቅም ነበር። እናቴ ጥቁሯን እንደለበሰች ደስታዋን ልትካፈል ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። እትዬ ዘሀራ እናቴን ስታይ ደነገጠች፣ እልልታዋን ዋጠችው። እናቴ ግን አቅፋ ሳመቻት። ከዚያ ተቀምጣ ጉልበቷን እያሸች፦

"ያንቺን ልጅ ማንም አላየውም ነበር። የኔን ግን ከበደ አይቶታል" አለች።

ከጎኗ ነበርኩ። ክንዷ ክንዴን ነክቶት ነበር። አሁን ካልተናገርኩ መቼ ልናገር? ተናግሬ ቢሆን ያን ቀን በሩን ልትከፍተው ትችል ነበር። ዳቦ ሲሰጡኝ ተቀበልኩ። በላሁ። አስናቀን ሁለተኛ የገደልኩት ያን ቀን ነው፤ የመጀመሪያውን በችኮላ ነው ብል እንኳ የዚህኛውን ምን እለዋለሁ?

እናቴ መርዶውን በሰማች በስድስተኛው ዓመት ሞተች። የሞተች ሰሞን ነገሯ ሁሉ የተጠናቀቀላት ሰው ትመስል ነበር። ከበደን ካገኘሽው አመስግኚልኝ፣ አሳርፎኛል ብላኛለች። እሺ አልኳት።

እሷ ዐረፈች፤ ጥበቃው ግን አልቀረም፣ ወደ እኔ መጣ። ምክንያቱም አስናቀ መሞቱን የማያውቅ በዓለም ላይ የቀረ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ዘመድ ሁሉ አልቅሶ ወጥቶለታል። እኔ በየትኛው መርዶ ላልቅስ? በጠባዬ መጠበቅ የማልችል ሰው፣ ለሦስት ዓመት ታግሼ የጮህኩ ሰው፣ ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ እጠብቃለሁ። የማላውቀው የውጭ ቁጥር ሲደውል የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ። መላኩ የደሴውን ቤት ለምን አንሸጠውም ይለኛል። ቆርቆሮው ዝጓል፣ ማንም አይኖርበትም ይለኛል። አንድ ቀን ምን ብዬ እንደመለስኩለት ታውቃላችሁ? እሱ ያውቃል አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴው ደነገጥኩ።

ግን እንደሷ አይደለሁም። እናቴ በዚያ ደጅ ስትቀመጥ ብቻዋን አልነበረችም፤ አሁን ነው የገባኝ። የምታናግረው ነበራት። እኔ ስለ አስናቀ ለመጸለይ ስነሣ አፌ ይያዛል። በእሱ ፈንታ ከመለስኩ በኋላ፣ መልስልኝ ብዬ በምን ዓይኔ ልለምነው?

ባለፈው ሳምንት ደሴ ወጣሁና የአስናቀ ስም በየዓመቱ ወደሚታሰብበት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቄሱን፣ አባ፣ የወንድሜን ስም ከሙታን ጋር መጥራቱን ይተዉልኝ፣ በመንገድ ካሉት ጋር ይጥሩልኝ አልኳቸው። ቄሱ ደስ አላቸው። መጣ እንዴ አሉኝ። አልመጣም አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ከዚያም፦

"ታዲያ ማን አየው?" አሉኝ።

ያው ጥያቄ። አጎቴ ኩታበር ጓሮ የጠየቀኝ፣ እናቴ ዞራ በዓይኗ የጠየቀችኝ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ሳልመልስ ወጣሁ። ሦስቴ ተጠይቄ ሁለቴ ዋሸሁ፣ አንዴ ሸሸሁ።

አፌ እንቢ ስላለኝ ነው ይኸው በጽሑፍ የምመልሰው። ይህን ወረቀት ለቄሱ እሰጣለሁ፣ ከዚያም ለመላኩ። ልጅነት ነው አልልም፣ እንዳትንገላታ አዝኜላት ነው አልልም፤ ቸኩዬ ነው፣ ለራሴ ነው። ይቅርታ ሊሰጡኝ የሚችሉት ሁለት ሰዎች አንዷ ሞታለች፣ አንዱን አላውቅም። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የተጠየቅኩትን ብቻ ልመልስ።

ማንም አላየውም፣ አባ። ያን ጊዜም ማንም አላየውም።