መሰናዶን ትቼ ሙያ የገባሁበት ዓመት

አባታችን ሲሞት ወንድሜ ስምንተኛ ክፍል ነበር፤ እኔ ገና አራተኛ። እናታችን ቦዲቲ ገበያ ጎደሬና ቅቤ ሸጣ የምታገኘው ለሦስታችን እንደማይበቃ ገባውና አንድ ጠዋት ደብተሩን ሳይዝ ከቤት ወጣ። ማታ ሲመለስ ቅንድቡ ሁሉ ዱቄት ነበር። ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ነው። ከዚያ ወዲህ የእኔን ዩኒፎርምም እስክሪብቶም የሚገዛው እሱ ሆነ። ልጅ ስለነበርኩ ነገሩ እንዲሁ መሆን ያለበት ይመስለኝ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ስደርስ ግን ማሳሉን መስማት ጀመርኩ። ብናኙ ደረቱ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በተለይ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ እስኪያልፍለት ይቆማል። በዚያው ሰሞን ምሳ ላደርስለት ወፍጮ ቤት ስሄድ ጆንያ ላይ ተቀምጦ የእኔን የጂኦግራፊ መጽሐፍ ሲያነብ አገኘሁት። የገጾቹ ጠርዝ ላይ የዱቄት ጣቶቹ ታትመዋል። ሲያየኝ ቶሎ ዘጋውና እንዳይጠፋ ብሎ እንዳነሳው ነገረኝ። መጽሐፉን ቤት አልጋዬ ላይ ነበር የተውኩት።

የማትሪክ ውጤት ሲመጣ ነጥቤ ለመሰናዶ በቃ። ያኔ መሰናዶ በእኛ ከተማ ስላልተከፈተ ወይ ለመሰናዶ ወይ ለቴክኒክና ሙያ፣ ያው ሶዶ መውረድ ነው። መሰናዶ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ በላይ ዩኒቨርሲቲ። ሙያው ግን በቴን ፕላስ ቱ በሁለት ዓመት ያልቅና ሥራ ይገኛል። እኔ ደመወዝ ከያዝኩ ወንድሜ ከወፍጮ ቤት ይወጣል፣ ማታ ማታ ይማራል ብዬ አሰብኩ። ለማንም ሳልነግር ሶዶ ሄጄ ለቅየሳ ተመዘገብኩ። መዝጋቢው ነጥቤን ሁለቴ አየና፣ "በዚህ ነጥብ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አለኝ። ቤተሰብ ተስማምቷል አልኩት።

ለጊፋታ በዓል ዘመድ ሲሰበሰብ ነው የሰሙት። አጎታችን ወንድሜን እንኳን ደስ አለህ ሲለው፣ ወንድሜ ወፍጮ ቤት ለሚመጣው ሁሉ እህቴ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው እያለ ሲያወራ መክረሙን እዚያው አወቅሁ። ዝም ማለት አቃተኝ። ዘመዶቹ ፊት ሙያ እንደገባሁ ተናገርኩ። እናቴ የያዘችውን ሳህን መሬት አስቀመጠችና አቀርቅራ ቀረች። ወንድሜ እጁን ታጥቦ ወጣ።

ጓሮ እንሰቱ ሥር አገኘሁት። እኛ ቤት የሚወራው ወላይትኛ ነው፤ ስንጣላም ስንስቅም። የዚያን ቀን ግን ቢሮ እንደገባ ሰው በአማርኛ ነበር ያናገረኝ።

"ማን ለመነሽ?"

"አንተ እንድትማር ብዬ ነው።"

"እኔ በአንቺ ነበር የምማረው" አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ነገሩን ለእሱ ስል ያደረግሁት ነበር፤ ግን እሱን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ብጠይቀው እምቢ እንደሚለኝ ስለማውቅ ነው ያልጠየቅሁት።

ቢሆንም ሶዶ ያደረሰኝ እሱ ነው። ፍራሼን አውቶቡሱ ላይ ጫነ፣ መናኸሪያ ሲደርስ ተሸክሞ እስከ ተከራየሁት ክፍል ወሰደ፣ የበሩን መቀርቀሪያ ከውስጥ ሞከረው። ከዚያ ደህና ሁኚ ብሎኝ ሄደ። አስፋልቱን ተሻግሮ ሲያስል እሰማው ነበር።

ትምህርቱን ወደድኩት፤ ያ ነው የባሰብኝ። የቅየሳ መሣሪያውን መነጽር መጀመሪያ አስተካክዬ ስመለከት፣ ከሩቅ የተተከለው ባለቁጥር እንጨት አጠገቤ የመጣ ያህል ጥርት ብሎ ሲታየኝ፣ ሳላስበው ሳቅሁ። ወዲያው አፈርኩ። የወንድሜን ተስፋ አፍርሼ እዚህ መጥቼ ደስ ይለኛል? መሰናዶ የገቡትን የክፍል ጓደኞቼን መንገድ ላይ ሳይ መንገድ እቀይር ነበር፤ ስለቀናሁባቸው ሳይሆን ስላልቀናሁባቸው።

ጨርሼ አረካ ሥራ አገኘሁ። ወንድሜም ከጊዜ በኋላ ከወፍጮ ቤት ወጥቶ አነስተኛ የእህል ሱቅ ከፈተ፤ ሳሉም ቀነሰለት። ያን ጊዜ የማታ ትምህርቱን አነሳሁበት። ሚስት አግብቶ ሴት ልጅ ወልዶ ነበር። ፈገግ ብሎ እሺ አለኝ፣ ተመዘገበም። እኔም ያበላሸሁትን ያስተካከልኩ መስሎኝ ቀለል አለኝ። ደብተሮቹን ራሴ ነበርኩ የሸፈንኩለት።

ትምህርቱን ማቆሙን የነገረችኝ ሚስቱ ናት። ቀኑን ሙሉ ኩንታል ሲያነሳ ውሎ ክፍል ውስጥ ይተኛል፤ አስተማሪው ሲቀሰቅሰው የክፍሉ ልጆች ይስቁበታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቁ ሄድኩ። በቆሎ እየሰፈረ ነበር። ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅሁት።

"ደስ እንዲልሽ ብዬ ነበር የገባሁት" አለ። ገበያተኛዋን ሸኝቶ ሲመለስ ደግሞ፣ "መማር የፈለግሁት ያኔ ነው። አሁን ጭንቅላቴ ሌላ ነገር ይዟል" አለኝ። በወላይትኛ ነው ያለኝ፣ ቅር ሳይለው።

ሶዶ ላይ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ በኋላ አንድ ቀን ከወንድሜ ጋር በዚያ በኩል ስናልፍ የምረቃ ካባ የለበሱ ተመራቂዎች ከወላጆቻቸው ጋር ፎቶ ይነሱ ነበር። ወንድሜ ቆሞ አያቸው። አንዱ ተመራቂ ካባውን አውልቆ አባቱን አልብሶት ነበር፤ ሽማግሌው እጅጌው ረዝሞበት ይስቃል። ወንድሜም አብሮ ሳቀ። ከዚያ አውቶቡሱ እንዳያመልጠን ብሎ ክንዴን ያዝ አደረገኝና መንገዳችንን ቀጠልን። እኔ እስከ ቦዲቲ ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሳይ ነው የደረስኩት፤ ዞሬ ፊቱን ማየት አልቻልኩም።