ለትንሽ እጅ የሚሆን ሽጉጥ

ሻጩ የመጀመሪያውን ሽጉጥ ባዶ መሆኑን አሳየኝና ባንኮኒው ላይ በተነጠፈው አረንጓዴ ጨርቅ ላይ አኖረው። አነሣሁት። መዳፌን እጀታው ላይ ሳሳርፍ የጠቋሚ ጣቴ ጫፍ ቃታውን ነካው እንጂ አልያዘውም። ጣቴን ለማድረስ እጄን ትንሽ ሳዞር ደግሞ እጀታው ከመዳፌ ሸሸ።

«ይኼ ያንቺ አይደለም፣ እቴ» አለኝ ከጎኔ የቆመው ታላቅ ወንድሜ።

ጊዜው በኢየሩሳሌም አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁሉ፣ አዲስ የሚሳፈረው ሰው ቦምብ ታጥቆ እንደሆነ ወገቡን የሚያይበት ነበር። እኔ በአንድ የአማርኛ የሬዲዮ ዝግጅት ውስጥ ሪፖርተር ነበርሁ። ፍንዳታ ሲደርስ ቦታው ድረስ ሄጄ አያለሁ፤ ተመልሼ ያየሁትን፣ ያየሁትን ብቻ፣ ከኢትዮጵያ ለመጡ ሽማግሌዎቻችን በሚገባቸው አማርኛ አነብባለሁ። በዚህ ሥራ ላይ እያለሁ ፈርቼ አላውቅም። የምፈራው ከሥራ በኋላ ነበር፤ ከስቱዲዮ ወጥቼ ወደምኖርበት ሰፈር፣ ወደ ፒስጋት ዘኤቭ የሚወስደኝን አውቶቡስ ስጠብቅ። ስለዚህ ሪሻዮን፣ ማለትም የመሣሪያ ፈቃድ፣ ጠየቅሁ። ሐኪም ፈረመልኝ፣ የፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ጠርቶ ጠየቀኝ፣ ተፈቀደልኝ። የቀረኝ ሽጉጡን መግዛትና የተኩስ ልምምዱን ማለፍ ብቻ ነበር። ለዚያ የተሰጠኝ ጊዜ ካለፈ ፈቃዱ ይሰረዛል።

ስለ ሽጉጥ የማውቀው ነገር ስላልነበረ ወንድሜን አማከርሁት። ወንድሜ በእስራኤል ጦር ውስጥ ብዙ ቆይቷል፤ ከዚያም የትምህርት ቤት ዘበኞች አለቃ ሆነ። ወላጆቻችን ከሞቱ በኋላ አባቴም እሱ ነው። እኔና ባሌ ስንጋጭም ሽማግሌያችን እሱ ነበር፤ ሁለታችንንም ለየብቻ ያዳምጣል፣ ከአንዱ የሰማውን ለሌላው አያወጣም። ለዚህም አከብረው ነበር።

ሱቁ ከያፎ መንገድ ገባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሻጩ የትግራይ ተወላጅ ነው፤ እሱም በጦሩ ውስጥ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርቷል። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከወንድሜ ጋር በትግርኛ ያወራል። ወንድሜ በጎረምሳነቱ ከአጎታችን ጋር በወልቃይት በኩል ሲነግድ ትግርኛ ለምዷል። እኔ ያን ጊዜ ሕፃን ነበርሁ፤ አልለመድሁትም።

ሁለተኛው ሽጉጥ አጠር ያለ ቢሆንም እጀታው ወፍራም ነበር። ጥይቱ ሁለት ረድፍ ሆኖ ስለሚገባ ነው ሲል ሻጩ አስረዳኝ። ሦስተኛው እጄ ገባ፤ ግን ላቀባብለው ስስብ የላይኛው ብረት ግማሽ መንገድ መጣና ተመልሶ ጠቅ አለ።

«ትንሽ ነው የቀረሽ» አለ ሻጩ።

«እጇ ማይክራፎን እንጂ ሌላ ነገር ይዞ አያውቅም» አለ ወንድሜ።

«ማይክራፎኑስ ይከብዳል እንዴ?»

«ማይክራፎኑ አይከብድም። የምታወራበት ነው የሚከብደው።»

ሳቅን። ሻጩ እየሳቀ ወደ ባንኮኒው ሥር ጎንበስ አለ። በዚያን ጊዜ ወንድሜ ፈጠን ብሎ በትግርኛ «እታ ንእሽቶ ኣይተርእያ» አለው። ሻጩ ባዶ እጁን ቀና አለ።

«ንእሽቶ» ትንሽ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የቀረውን በግምት ሞላሁት። ቄሶቻችን በግዕዝ ሲጸልዩ «ርእየ» ሲሉ፣ አየ ማለት እንደሆነ ከልጅነቴ ሰምቻለሁ። ስለዚህ «ትንሿን አታያትም?» ያለው መሰለኝ። በእጄ የቀለደ መሰለኝና አብሬያቸው ሳቅሁ።

ሻጩ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ዕቃ ይመጣል አለን። በሳምንቱ ተመልሰን ሄድን። የመጣው ሁሉ ትልቅ ነበር። ወንድሜ በመንገድ ላይ ክንዴን ይዞ፣ «ተይው እቴ። እግዚአብሔር ያልፈጠረልሽን እጅ ከየት ታመጫለሽ? የሚረጨውን በርበሬ ግዢ» አለኝ።

«በርበሬውን ለወጥ ልተወው» አልሁት።

ነገር ግን ልቤ ወደ መተው ያዘነበለ ነበር። ሁለት ጊዜ ሞክሬ አልሆነም፤ ሙያውን የሚያውቅ፣ የምተማመንበት ሰው አይሆንም ብሎኛል። የፈቃዴም ጊዜ ወደ ማለቁ ተቃርቧል።

በዚያው ሳምንት የኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው የኢየሩሳሌም ጎዳና ስለሚኖሩ የቆዩ ሰዎች ዝግጅት ለመሥራት እዚያው ወዳለው የኢትዮጵያ ገዳም ሄድሁ። በወጣትነታቸው ከአክሱም ወገን የመጡ አንዲት እማሆይ ለረዥም ጊዜ አጫወቱኝ። ቀረጻውን ስጨርስ፣ ድሮ የኖሩባትን ክፍል ባይ ደስ ይለኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። እሺ አልሁ። እማሆይ በግቢው ውስጥ ውኃ የሚያጠጣውን ዲያቆን ጠሩና በትግርኛ ሲያዝዙት የመጨረሻዋ ቃል «ኣርእያ» ነበረች። ዲያቆኑ ቁልፍ አምጥቶ በሩን ከፈተና ወደ ጎን ቆሞ ክፍሏን አሳየኝ።

ክፍሏ ውስጥ አልጋ፣ አንድ መስኮትና በግድግዳው ላይ የመቋሚያ ማንጠልጠያ ምስማር ነበሩ። እኔ ግን የማስበው ስለ ቃሏ ነበር። ዲያቆኑ የታዘዘው እንዲያየኝ ሳይሆን እንዲያሳየኝ ነው።

«እማሆይ፣ ‹ኣርእያ› ምን ማለት ነው?»

«አሳያት ማለት ነው፣ ልጄ።»

«‹ኣይተርእያ›ስ?»

«አታሳያት።»

«‹እታ ንእሽቶ ኣይተርእያ› ቢባል?»

«ትንሿን አታሳያት። ማነው እንዲህ ያለው?»

«አንድ ሰው ለሻጭ ሲናገር የሰማሁት ነው።»

«እንግዲያ ደኅናዋ ዕቃ ትንሿ ናት» አሉና ሳቁ።

ከገዳሙ እስከ ሱቁ በእግር ቅርብ ነው። ስደርስ ሻጩ ብቻውን ነበር።

«ትንሿን አሳየኝ» አልሁት።

«የትኛዋን?»

«ወንድሜ አታሳያት ያለህን።»

ጥቂት አየኝ። ከባንኮኒው ሥር አንድ ሣጥን አወጣና ከፈተው። ሽጉጧ ጥቁር ናት፤ እጀታዋ ስስ፤ ጥይቷ በአንድ ረድፍ የሚገባ። ስይዛት ጠቋሚ ጣቴ ሳልዘረጋው ቃታው ላይ አረፈ። ላቀባብላት ስል ሻጩ ከለከለኝ፤ በጣቶችሽ ጫፍ አትሳቢ፣ የላይኛውን ብረት በሙሉ መዳፍሽ ጨብጪና የያዝሽበትን እጅ ወደ ፊት ግፊው አለኝ። እንዳለው አደረግሁ፤ በአንድ ጊዜ ተከፈተች። ይህን ዘዴ በመጀመሪያው ቀን አሳይቶኝ ቢሆን ሦስተኛውንም አቀባብለው ነበር።

«ከመጀመሪያው ቀን እዚህ ነበረች?»

«ነበረች።»

«በሳምንቱስ ስንመጣ?»

«ነበረች። አይዞሽ እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ታላቅ ወንድምሽ ነው፤ ምክንያት ይኖረዋል አልሁ። እኔ የሰው ቤት ውስጥ አልገባም።»

እስከ ነገ ለሌላ ሰው እንዳይሸጥብኝ ነግሬው ወጣሁ።

ወንድሜ የሚኖረው ቂርያት መናሔም ሰፈር ነው። አውቶቡሱ እስኪያደርሰኝ ድረስ ጥያቄዎቼን በቅደም ተከተል አዘጋጀሁ። የሥራ ልማድ ነው፤ ሰው ሊክደው በማይችለው ነገር መጀመር። በሩን የከፈተልኝ ራሱ ነበር። ሚስቱ ገበያ ሄዳለች። ቴሌቪዥኑን ዝቅ አደረገና ተቀመጠ።

«ሱቁ ውስጥ ትንሽ ሽጉጥ ነበረች ወይስ አልነበረችም?»

«ማን ነገረሽ?»

«ነበረች ወይስ አልነበረችም፣ ጋሼ?»

«ነበረች።»

«ለምን አታሳያት አልኸው?»

«በሽምግልና የሰማሁት ነገር ነው፣ እቴ። አላወጣውም።»

ይህን መልስ አልጠበቅሁትም ነበር። «በእኛ ቤት አንተን ሽማግሌ የሚያደርጉ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛዋ እኔ ነኝ» አልሁት።

ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። «ፈቃዱ የደረሰሽ ዕለት ባልሽ እዚህ መጣ። እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ‹ያ ነገር ቤቴ እንዳይገባ አድርግልኝ፤ ራሴን አላምነውም› አለኝ። ለእሷ እንዳትነግራት ብሎ አስማለኝ።»

ባሌ ወገቡን ታሞ ከፋብሪካ ሥራው ከቀረ ቆይቶ ነበር። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ስጠይቀው ደኅና ነኝ ይላል። በዚያ ዘመን በዘብነት የሚሠሩ አንዳንድ ወንዶች በሥራ መሣሪያቸው ሚስቶቻቸውን ገድለው ራሳቸውንም አጥፍተዋል። ዜናውን ያነበብሁት እኔ ነኝ። ጎረቤቶቻቸውን ስጠይቅ የሚነግሩኝ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር፣ የሚል ነው።

«እጅሽ ትንሽ ነው እያልህ ሁለት ጊዜ አመላለስኸኝ» አልሁት።

«ብነግርሽ እሱን መክዳቴ ነበር።»

«ባትነግረኝስ ማንን ነው የከዳኸው?»

«ቀኑ ያልፋል፣ ይረሳል ብዬ ነው።»

«እኔ ከእሱ ጋር በአንድ አልጋ እንደምተኛ ረስተኸዋል።»

ቡና ላፍላልሽ አለኝ፤ ወንድሜ በሕይወቱ ቡና አፍልቶ አያውቅም። አመስግኜ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ባሌ ከበረንዳው ወደ ሳሎን ገብቶ ነበር። ቦርሳዬን አየ፤ ከቦርሳዬ ወደ እጄ አየ። ወንድሜ ደውሎለታል ማለት ነው። ይህንንም ከእኔ በፊት ሁለቱ ተነጋግረውበታል።

«አልገዛሁም» አልሁት።

ራሱን ነቀነቀ።

«ለምን ለእኔ አልነገርኸኝም?»

«ለጋሼ ስነግረው ዝም ይላል። ለአንቺ ብነግርሽ ትጠይቂኛለሽ።»

«ምን ብዬ?»

«መቼ ጀመረህ፣ ስንት ጊዜ አሰብኸው፣ ማን ሰማህ። አውቅሻለሁ እኮ። መልሱ ሳይኖረኝ በየተራ ትጠይቂኛለሽ።»

እውነትም የመጀመሪያው ጥያቄ አፌ ላይ ነበር። ዋጥሁት። ሁለተኛውን ግን መዋጥ አልቻልሁም።

«የምትፈራው ለራስህ ነው ወይስ ለእኔ?»

«አላውቅም» አለ። «ባውቅ እነግርሽ ነበር።»

እኔ ሰው አላውቅም ሲለኝ ውሸቱንና እውነቱን እለያለሁ። ይህ እውነት ነበር። ከሱቁ ጀምሮ የያዘኝ ንዴት ያን ጊዜ በረደ፤ በምትኩ የመጣው ነገር ግን ከንዴቱ ይብስ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ሕይወቴን የሚመለከተውን ነገር በመካከላቸው አስቀምጠው፣ ለእኔ ግን በጣቴ ማጠር ሲቀልዱብኝ ከርመዋል። ጠላት ይመጣብኛል ብዬ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ዞር ዞር እያልሁ ስመለከት፣ ቤቴ ውስጥ ያለውን ነገር ከእኔ በቀር ሁለቱም ያውቁት ነበር።

በማግሥቱ ወደ ሱቁ ደወልሁና ሽጉጧን ለሌላ ሰው ሽጣት አልሁት። ፈቃዱም ጊዜው ሲደርስ ተሰረዘ።

ለባሌ የአእምሮ ሐኪም ቀጠሮ ያስያዝሁት እኔ ነኝ። በቀጠሮው ዕለት ከወንድሜ ጋር ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሟ በሩን ከፍታ ስሙን ስትጠራ ቦርሳዬን አንሥቼ አብሬው ቆምሁ። ባሌ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «ጋሼ ይግባ» አለ።

ወንድሜ አየኝ። ግባ አልሁት። በሩ ተዘጋ፤ እኔ ኮሪደሩ ውስጥ ካለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ድምፃቸው ይሰማ ነበር፤ ጆሮዬም የሠለጠነ ነው። ተነሥቼ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ፣ ቃላቸው ወደማይለይበት ወንበር ሄድሁና እዚያ ጠበቅኋቸው።