በየቅዳሜው መጽሐፍ ይጋብዙን የነበሩት ሲስተር የሺ

ስልኬን ሦስት ጊዜ ዘግቼ ከፈትኩት። መልእክቱ ያው ነው። «እማዬ ዛሬ ጠዋት አረፈች።» የላከችልኝ የሲስተር የሺ ልጅ ናት። አላመንኳትም፣ ደወልኩላት። እያለቀሰች ደገመችልኝ።

ቅዳሜ እኮ አብረን ነበርን። ሲስቁ ነው ትቻቸው የወጣሁት።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በድምፃቸው ነው። በየቅዳሜው ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ሰሞኑን ካነበቡት አንድ የወንጀል ምርመራ ልቦለድ፣ አንድ ፋንታሲ የሚጋብዙን ሴትዮ። «ይሄን ወጥ ጥዳችሁ እንዳታነቡት፣ ያርርባችኋል» የሚሉት።

ፊታቸውን ላላያችሁ ልንገራችሁ። ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ነበር የሚኖሩት። ዓይናቸውን ስኳር በሽታ ወስዶባቸዋል።

የዛሬ አራት ዓመት ደረጃ ላይ አስቆሙኝ። «አንቺ የላይኛዋ፣ ሥራ ፈት ነሽ አሉ። ነይና መጽሐፍ አንብቢልኝ።»

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጥኩት በዚሁ ነው፤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስጠራ ስሜን ተናግሬ ሳልጨርስ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት እያቃተኝ ስንቴ ፌርማታዬን አልፌ በእግሬ ተመልሻለሁ።

ይህንኑ እንደምንም ነገርኳቸው። «ሰማሁሽ» አሉኝ። «ነገ አሥር ሰዓት ነይ።»

በመጀመሪያው ቀን አንድ ገጽ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። የመርማሪው ስም በ«መ» ይጀምራል፣ እኔ ደግሞ «መ» ላይ ነው የምቆመው። መጽሐፉን ዘግቼ ልነሳ ስል፣ «ገዳዩ የትም አይሄድም፣ ቀስ ብለሽ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ስንቴ እንዳሉኝ አልቆጥረውም። ቃል ሲይዘኝ ሰው ሁሉ ቀድሞ ይጨርስልኛል፤ ለእኔ ያዘነ እየመሰለው። እሳቸው አንድም ቀን አልጨረሱልኝም። ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር።

ፋንታሲ ስናነብ ደግሞ መጽሐፉ ካርታ ካለው መዳፋቸውን ይዘረጉልኛል። ተራራውን፣ ወንዙን፣ ጫካውን በጣቴ እስልላቸዋለሁ። «ቤተ መንግሥቱ አውራ ጣቴ ሥር ነው ማለት ነው?» ይላሉ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ አይጠፋቸውም።

አንድ ቅዳሜ ጉንፋን ድምፃቸውን ዘጋው። «ዛሬ አንቺ ጋብዢያቸው» አሉኝ። እምቢ አልኩ። «እንግዲያው ሰዉ የሚያነበው አጥቶ ይሰንብት» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ስልኬን አነሳሁ። አራት ደቂቃ ሙሉ እየተንተባተብኩ ድምፄን ቀዳሁ። ላጠፋው ስል «ይሂድ» አሉ። ላክሁት።

በማግስቱ ከቀራንዮ አንዲት እናት ጻፈችልኝ። «ልጄ እንዳንቺ ነው የምትናገረው። ድምፅሽን ሦስቴ ሰማችውና መጽሐፉን ግዢልኝ አለችኝ።» ሲስተር መልእክቱን ደግሜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ከዚያ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረግ አደረጉ። ጉንፋኑ ነው አሉ።

ያቺ ልጅ ሜሮን ትባላለች፣ አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ እሷም ሲስተር ቤት እየመጣች ከእኛ ጋር ታነባለች። ባለፈው ቅዳሜ ለሲስተር ያነበበችላቸው እሷ ናት። እኔም ዛሬ ሥራዬ የደንበኞችን ስልክ ማንሳት ነው። አሁንም እንተባተባለሁ። ደንበኛውም ይጠብቃል።

የጀመርነው መጽሐፍ ወንዙ ስለተሰረቀበት አገር ነው። ሰባት ምዕራፍ ይቀረዋል። መጽሐፉን ምን እናድርገው ብዬ ልጃቸውን ጠየቅኳት። «ለቅሶ ቤት ጨርሱት፣ እኔም ልስማው» አለችኝ። እና ወዳጆቼ፣ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ቤታቸው ኑ። ሜሮን ትጀምራለች፣ ሲደክማት እኔ እቀበላታለሁ።

ሲስተርዬ፣ የቅዳሜውን ግብዣ እኛ እንይዘዋለን፣ አያስቡ። ደግሞ እየጠበቁ ሰው ማዳመጥን ከእርስዎ ተምሬያለሁ፤ ለሜሮንም እንዲያው ነው የማደርገው። አራት ዓመት ሙሉ ሳይሰለቹ ሰሙኝ። አሁን እርስዎ ይረፉ። ደህና ይሁኑልኝ፣ የእኔ እናት።