የጅብ ጥላ የበላችው ልጅ

ልጅ እያለሁ ክረምት የሚሸተኝ እርጥብ ሸክላ አፈር ነበር። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። እንስራና ድስቷን ተሸክመን አርብ ገበያ እንወጣለን። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በእናቴ ድስት ወጥ ሠርቶ ይበላል፤ እሷን ግን ማዕድ ላይ የሚጠራት የለም። ቡዳ ናት ነዋ! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ትሁን የጎረቤታችን የእትዬ ጥሩ ልጅ ነበረች፤ ተደብቀን እንጫወታለን። በፍልሰታ ጾም ልጅ ሁሉ ቅዳሴ እስኪወጣ ምንም ሳይቀምስ ይውላል። አንድ ቀን ከገደሉ ሥር አፈር ስንቆፍር ፍግ ላይ የበቀለ የጅብ ጥላ አገኘን። ትሁን ረኃቡ አላስቻላትም። «ጾሟን ፈታች ብለሽ ለእማዬ እንዳትነግሪ» አለችና እፍኝ ሙሉ ጎረሰች። እኔን ሽታው ቀፈፈኝና ተውኩት።

ብዙም ሳይቆይ ብቻዋን ትስቅ ጀመር። ቤት ስትገባማ ግድግዳው ይተነፍሳል እያለች ጮኸች። እትዬ ጥሩ ደረታቸውን እየደቁ፣ «ልጄ እህል አልቀመሰችም! ዓይን ነው እንጂ ምን ይሆናል!» አሉ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ሥር አጨሱባትና «ማነው የበላሽ? ተናገሪ!» እያሉ ያዟት። እናቴ ጩኸቱን ሰምታ ደጃፉ ላይ ብትቆም ትሁን አየቻት።

«እሷ ናት! ዓይኗ እሳት ነው!»

«የጅብ ጥላ በልታ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አንዱ ጎረምሳ «ዝም በይ፣ የቡዳ ልጅ!» ብሎ ገፈተረኝ። እናቴን በፀጉሯ ጎትተው «እንትፍ በይባት!» አሏት። ምራቋ እስኪደርቅ ተፋችባት። ማታ ላይ ትሁን ሲሻላት «አያችሁ፣ ለቀቀቻት» ተባለ። ትሁንም ጾሜን ፈታሁ ከማለት እናቴን ቡዳ አድርጎ መኖር ቀለላት። እናቴ ግን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያለች ጭቃዋን ማቡካቷን ቀጠለች።

ዛሬ እዚያው አካባቢ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። ያኔ የገፈተሩኝ እጆች ዛሬ «ሲስተር» እያሉ ይጨብጡኛል። ባለፈው ክረምት ትሁን ሕፃኗን ልታስከትብ መጣች። ፊቱን ገልጣ «ያንቺ እጅ ይሻለዋል፣ እህቴ» ብላ ሰጠችኝ። ወጋሁት፤ ሲያለቅስ አባበልኩት። የልጅነት ጨዋታችንን አነሳች፤ እኔም፣ አይ ሞኝነት፣ አብሬያት ሳቅሁ።

እናቴ ምሳዬን ይዛ ደጅ ተቀምጣ ነበር። ትሁን ስትወጣ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻት። ከዚያ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የልጇን ፊት ሸፈነች።