ውጫሌ ገበያ ላይ የተገኘው ብራና

የባለቤቴ ታላቅ እህት አዲስ አበባ ላይ ቤት ሠርታ ጨረሰችና ቀለሙ ሳይደርቅ ጠላችው። ምክንያቷ ቤቱ አዲስ መሆኑ ነው። «ነፍስ የለውም» አለችኝ በስልክ። «ጥንታዊ ዕቃ ያስፈልገዋል።» እኔ ሐይቅ ከተማ የማስተምር፣ ከውጫሌ በላይ ካለ የአምባሰል መንደር የተወለድኩ ሴት ነኝ፤ በእሷ ግምት ራሴም ከጥንታዊ ዕቃ ሳልመደብ አልቀርም። እናም የግሸን ንግሥ አልፎ መንገዱ ከተጓዥ እንደቀለለ፣ ሻንጣዋን ይዛ ሐይቅ ዱብ አለች።

ከሻንጣው መጀመሪያ የወጣው ሜትር ነው። የሳሎኗን መደርደሪያ ቁመትና ስፋት ለክታ፣ በወረቀት ጽፋ መጥታለች። ጥንታዊ ዕቃ ልትገዙ የምትወጡ ሁሉ ይህን ምክር ያዙ፤ ሳትለኩ እንዳትሄዱ። ቅድመ አያቶቻችን ጋን ሲሠሩም እንጨት ሲፈለፍሉም አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር የሚያስጨንቃቸው፤ «አዲስ አበባ መደርደሪያ ላይ ይገባ ይሆን?»

ሁለተኛው ምክር የአለባበስ ነው። «እትዬ፣ ነገ ቀለል ያለ ነገር ልበሺ፤ ሀብታም ከመሰልሽ ዋጋ ይቆልሉብሻል» አልኳት። በደንብ ሰማችኝ። ጠዋት ጥልፉ ከሩቅ የሚያበራ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጭ ጫማ ተጫምታ፣ የፊቷን ግማሽ የሚሸፍን ጥቁር መነጽር አድርጋ ወጣች።

«አገሬውን መሰልኩ አይደል?»

«ቁርጥ!» አልኳት።

ሚኒባሱ ውስጥ ሾፌሩ የት እንደምንሄድ ሲጠይቅ፣ ውጫሌ ገበያ አሮጌ ዕቃ ልንገዛ ነው አለችው። በመስታወቱ አየንና «አሮጌ ከሆነ የፈለጋችሁት ምን አደከማችሁ፤ ይቺው መኪና አለችላችሁ» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እትዬ ግን አልሳቀችም፤ ጎንበስ ብላ የበሩን እጀታ መመርመር ጀመረች።

ውጫሌ ስንደርስ ገበያው ደርቷል። ከደጋው የወረደው ሰው ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ድንቹን ዘርግቷል። የእትዬ ዓይን ግን ድንች ላይ አላረፈም። ድንች ከሚሸጡ አንዲት እናት ሥር አረፈ። የተቀመጡባት በርጩማ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች፣ ባለ ሦስት እግር፣ በመቀመጥ ብዛት የተወለወለች ናት።

«ወይኔ አምላኬ!» አለች እትዬ፣ ግማሹ ገበያ እስኪዞር።

ሦስተኛው ምክር ይኸው ነው፤ የወደዳችሁትን ዕቃ ስታዩ ጩኹ። ሻጩ ዋጋ ለመገመት አይቸገርም።

«እማማ፣ ይሸጡልኛል?»

«ስንት ኪሎ ላድርግልሽ?» አሉ እናትየው።

«ድንቹን አይደለም። የተቀመጡበትን።»

«እና እኔ ምን ላይ ልቀመጥ፣ የኔ አበባ?»

እትዬ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ደጃፍ የተደራረቡትን የፕላስቲክ ወንበሮች አሳየቻቸው። እናትየው አንገታቸውን አስግገው አዩ። «ቀዩን ከሆነ እሽ» አሉ። ቀዩ ተገዛና ተለዋወጡ። እናትየው ተደላድለው ተቀመጡ፤ ወደ ኋላ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ትርፍ ያዩ አይመስለኝም።

«ቤትስ ሌላ አለዎት?» አለች እትዬ፣ በርጩማዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ።

«አራት ነበሩ። ክረምት ላይ እንጨቱ ሲረጥብብን አነደድናቸው። ነበልባላቸው ግሩም ነበር!»

እትዬ ደረቷን ይዛ ቀረች።

ከዚያ ወደ አሮጌ ዕቃ ተራ አለፍን። ሻጩ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ የደፋ ጎልማሳ ነው፤ ዕቃውን ማዳበሪያ ላይ ደርድሮታል። እትዬ አንድ በአንድ ጠየቀችው።

«ፋኖሱ የመቼ ነው?»

«የጣሊያን ጊዜ።»

«የፈረሱ ልጓምስ?»

«ከጣሊያን በፊት።»

«ይሄ ፔርሙዝስ?»

ጥቂት አሰበ። «ጣሊያን ሊወጣ ሲል።»

ያው ፔርሙዝ እኔ ወጥ ቤት አለ፤ የገዛሁት አምና ነው። ግን ታሪክ አዋቂ ሲናገር ጣልቃ አይገባም።

የእትዬን ሁኔታ አይቶ ሻጩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከኋላው ከነበረ ከረጢት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ቅጠል ብራና አወጣ። ጢስ የጠጣ፣ ጠርዙ የተኮማተረ ነው። በሁለት ዓምድ ግዕዝ ተጽፎበታል፤ ከታች በኩል አንገቷ የረዘመ አንዲት ወፍ ተሥላለች። የሳር ቤት ለቆርቆሮ ሲፈርስ ከጣራው ሥር እንዳገኘው ነገረን። «ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል፣ ግሸን ማርያምን!»

እትዬ መነጽሯን አወለቀች። «ይሄ መሐል ላይ ያለው ባዶ ቦታ ምንድን ነው?»

«እሱማ ምሥጢር ነው» አለ ሻጩ።

«ምሥጢር ነው» አለችኝ እትዬ ወደ እኔ ዞራ፣ እኔ ያልሰማሁ ይመስል።

ይህን ጊዜ ነው፣ ቅርስ ቢሆንስ፣ የተሰረቀ ቢሆንስ የሚል ስጋት የያዘኝ። ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ አንድ መሪጌታ ጨው ገዝተው ሲያልፉ አየሁና ሮጬ «መሪጌታ፣ እባክዎ አንዴ ይዩልን» አልኳቸው። ጨዋቸውን አስቀምጠው ብራናውን ተቀበሉ። ከላይ ጀምረው በለሆሳስ አነበቡ፤ የማርያም ምስጋና ነው። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቋረጠ። ወደ ታች፣ ወደ ወፏ አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«አጃኢብ ነው! ይቺን ወፍ እኔ ነኝ የሣልኳት» አሉ።

ሻጩ ባርኔጣውን ቀና አደረገ።

ተማሪ ሳሉ ነው ነገሩ። በጥቁር ቀለም ሲጽፉ፣ በቀይ ለሚጻፈው ለማርያም ስም ክፍት ቦታ ይተዋሉ። ቀዩን ለመሙላት ሲቀመጡ አንዱን ዘለሉት። መምህራቸው ሳያዩባቸው፣ ቅጠሉን ካደሩበት ቤት ጣራ ሥር ወሸቁት። መጥቼ አርመዋለሁ ብለው ነበር፤ ትምህርቱ ከአገር አገር ወሰዳቸውና ረሱት።

«የእመቤታችንን ስም ዘልዬ፣ ወፍ ለመሣል ጊዜ ነበረኝ» አሉ አንገታቸውን እየነቀነቁ። «እስኪ እስክሪብቶ አላችሁ?»

ከቦርሳዬ ያገኘሁት የፈተና ማረሚያ ቀዩን እስክሪብቶ ብቻ ነው። «ደግሞ ቀይ!» አሉ ደስ ብሏቸው። ሻጩ «መሪጌታ፣ ኧረ ያበላሹብኛል!» እያለ እጁን ሲዘረጋ፣ እሳቸው ብራናውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በባዶው ቦታ «ማርያም» ብለው ጻፉ፤ ቀስ ብለው፣ ለእያንዳንዱ ፊደል እየተጠነቀቁ። እፍ ብለው አደረቁት። «አሁን ነው የተስተካከለው» አሉ።

ሦስት መቶ ዓመቱ በአንድ እስክሪብቶ ተናደ። ሻጩ ግን ሻጭ ነው። «ዋናው ጸሐፊ በእጁ ያረመው ሲሆን እንዲያውም ዋጋው ይጨምራል» አለ። እውነቱን ለመናገር አደነቅኩት።

እትዬ ሳትከራከር ከፈለችው። እንግዲህ ሳሎኗ ልትሰቅለው ነው፣ ለእንግዳውም ሦስት መቶ ዓመት ልትል ነው ብዬ የምቀልድበትን እያዘጋጀሁ ነበር። እሷ ግን ብራናውን በጨርቁ ጠቅልላ በሁለት እጇ ለመሪጌታው ሰጠቻቸው።

«ልጄ፣ እኔ ምን ያደርግልኛል? ቃሉን በቃሌ አውቀዋለሁ» አሉ።

«የእርስዎ ነው መሪጌታ።»

ብራናውን ተቀበሏት። «እሽ። ለተማሪዎቼ አሳያቸዋለሁ። መምህራቸው ተሳስቶ የማያውቅ ይመስላቸዋል።» መረቋት፤ ቤትሽ ይሙላ አሏት። ጨዋቸውንና ብራናቸውን ይዘው፣ አሁንም ለብቻቸው እየሳቁ ወደ ገበያው መሐል ገቡ።

ያዘጋጀሁት ቀልድ አፌ ውስጥ ቀረ። እትዬ መነጽሯን መልሳ አላደረገችም፤ ዓይኗ ቀልቷል። ክንዷን ይዤ ወደ መኪና ማቆሚያው ስንራመድ «ርቦኛል» አለች፤ ከአንዲት ሴት የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ገዝተን፣ ጥልፏ ላይ እየተንጠባጠበ፣ መንገድ ዳር ቆመን በላን።