ለጠላቴ ለቅሶ ደረቴን የያዝሁ ዕለት

እኔና ጎረቤቴ የተጣላነው በመሬት አይደለም፣ በድንበርም አይደለም። በሽሽት ነው። ጦርነቱ ወደ ውጫሌ ሲቃረብ እኔ ፍራሼን ባጃጅ ላይ ጭኜ ሐይቅ ገባሁ፤ ጦርነቱም ተከትሎኝ ሐይቅ ገባ። እሱ ግን «ቤቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ» ብሎ ቀረ። ነገሩ በርዶ ስመለስ በሩ ላይ ቆሞ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ሯጩ!» አለኝ። እኔም «አንተ ደግሞ ከዶሮዎችህ ጋር ምሽግ ይዘህ ከረምህ አሉ» አልሁት። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ የለም። ቄሱም መከሩን፣ ሼሁም መከሩን፤ ወይ ፍንክች!

አንድ ቀን ጠዋት ድንገት ሞተ ተባለ። የወሎ ሰው ሌላውን ይቀር ይሆናል እንጂ ለቅሶ አይቀርም፤ የጠላት ቢሆንም። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እሱ ክርስቲያን። በእኛ በኩል ዝም ብሎ ዱዓ ነው፤ በነሱ በኩል ሙሾውም፣ ደረት መምታቱም አለ። ጋቢዬን ደርቤ ሄድሁና ግቢው ጥግ ቆምሁ። አስከሬኑ እስኪወጣ መሬት መሬቱን አይቼ ልመለስ ነበር ሐሳቤ።

ገና ሳይወጣ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ተቀመጠ። ሙሉ ኩንታል ማሽላ የጫኑብኝ ያህል። አይወጋም፣ ይጫናል፤ ከውስጥ ደግሞ ጨምድዶ ይይዛል። ጨጓራዬ ነው አልሁ። እኛ አገር ከአንገት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። በእጄ ደረቴን ጫን አድርጌ ያዝሁ።

አጠገቤ የቆመው የዕድሩ ዳኛ ዐይኑ ፈጠጠ። «ኧረ እዩት! ደረቱን ያዘ እኮ!» አለ ለጎኑ ሰው። ወሬው ግቢውን ዞረ።

ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። «አንጀቱ ተቃጥሎ ነው» አሉ። ሕመሙ ወደ ግራ ክንዴ ወረደ፤ ክንዴን ያዝሁ። ወደ መንጋጋዬ ወጣ፤ መንጋጋዬን ያዝሁ። «ጥርሱን ነክሶ ነው የሚያለቅስ፣ የወንድ ለቅሶ!» አሉ። ትንፋሽ አጥሮኝ ጉልበቴ ሲከዳኝ ግራና ቀኝ ደግፈው «አብሽር፣ ሁላችንም ሟች ነን» አሉኝ። ምን አብሽር ነው! እኔ አሁኑኑ ልሆን ነው!

አልቃሿ ይህን ስታይ ሟቹን ተወችና ወደኔ ዞረች።

«ጠላት ነው ያላችሁ እዩት ይህን ሰው፣
የጎረቤት ፍቅር አንጀቱን ሲያምሰው።»

ሴቶቹ ተቀበሏት፤ ግቢው ተናጠ። «አሞኛል» የምትል አንዲት ቃል ነበረች የምታስፈልገኝ። ግን እንዴት አድርጌ ላውጣት? ሰው ሁሉ በኔ እያለቀሰ፣ ቄሱ ሳይቀሩ «እርቅ ማለት ይህ ነው» እያሉ፣ «የለም፣ ጨጓራዬ ነው» ልበል? ወላሂ አፈርሁ። ደግሞስ ለምን እዋሻለሁ፣ ሙገሳው ጣፈጠኝ። ነፍሱ ልትወጣ ስትል ሙገሳ የሚጥመው የአደም ልጅ ብቻ ነው።

ይኼኔ የሟች ሚስት ቀና ብላ አየችኝ። ለቅሶዋን ቀጥ አደረገች። ሰው እየገፋች መጥታ ፊቴ ቆመችና ላቤን፣ ክንዴን፣ እጄን አየች።

«ይሄ ሰውዬ ለባሌ አያለቅስም!» ብላ ጮኸች። «አይወደውም! ባሌም አይወደውም ነበር! ታሞ እኮ ነው፣ ምን ቆማችሁ ታዩታላችሁ? መኪና አምጡ!»

የዕድሩ ዳኛ ደነገጠ። «ኧረ እታለም፣ ነውር ነው፣ መጀመሪያ ቀብሩ ይለፍ...»

«ሁለተኛ ሬሳ ከግቢዬ አይወጣም!» አለችው።

ከደሴ ለቀብር የመጣ ፒካፕ ላይ ጫኑኝ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ አስፕሪን አስኝካ «አሁኑኑ ሆስፒታል» ብላ ሰደደችን። ደሴ ላይ ሐኪሙ «መቼ ጀመረዎት?» ሲለኝ «አስከሬኑ ሳይወጣ» አልሁት። «የማን አስከሬን?» ብሎ ክው አለ። ሲረጋጋ የልቤ ደም ስር እንደተዘጋ ነገረኝ። «ደረት ሲጨመድድ፣ ወደ ክንድና መንጋጋ ሲሄድ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ላብ ሲመጣ፣ ጨጓራ ነው ተብሎ አይጠበቅም» አለ። «የራስዎ ሰርግ ቢሆን እንኳ ጥለው ይመጣሉ።»

ድኜ ስመለስ ከአርባው በፊት ቤቷ ሄድሁ።

«አፉ በይኝ እህቴ፣ ለቅሶውን አበላሸሁብሽ» አልኋት።

«ምን ያልተበላሸ አለ» አለች።

«ያ ሁሉ ሰው ያላወቀውን አንቺ እንዴት አወቅሽ?»

እጇን ቀስ አድርጋ ደረቷ ላይ አሳረፈች፤ ልክ እኔ እንደያዝሁት። «እሱም ያን ዕለት ጠዋት እንዲህ ነው የያዘው። ላቡም፣ ክንዱም። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ቤቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ አለኝ። ጨጓራዬ ነው አለ። ተልባ በጥብጬ አጠጣሁትና ትንሽ ጋደም በል አልሁት።»

«አላወቅሽም እኮ» አልኋት።

«አላወቅሁም። ያወቅሁት አንተን ሳይ ነው።»

ወላሂ፣ ለዚያ ለማይሸሽ ሰውዬ ያኔ አለቀስሁለት።