ማንም የማያውቀኝ አገር

ከሶዶ ልወጣ በዋዜማው ምሽት እናቴ ዶሮ ልትሠራ ስትነሣ እንቢ አልኳት። ፎሰሴ ነው ያማረኝ፣ የበቆሎ ዱቄትና ጎመን አንድ ላይ የበሰለ፣ ከጎኑም ያ ዓይን የሚያቃጥል ዳጣ። ዳጣው በጀን። ሁላችንም እያለቀስን በቃሪያው አሳበብን።

ታናሽ እህቴ ምሕረት መድኃኒቴን ካልሲ ውስጥ ጠቅልላ ከሻንጣዬ ሥር ከተተችው። ሌላው መንገደኛ ሲሸኝ "ራስህን ጠብቅ" ይባላል። እሷ ግን "አቤል፣ አደራህን፣ እንቅልፍ እንዳታጣ" አለችኝ። የእኔን ነገር ታውቃለቻ።

የእኔ ነገር ምን እንደሆነ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሶዶ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ፣ በቤተ ክርስቲያናችንም መዘምራን እመራ ነበር። አንድ ክረምት እንቅልፍ ጥሎኝ ሄደ። ደግሞ አልደከመኝም። ሐሳቤ አፌን ይቀድማል፣ አፌ የሰውን ጆሮ ይቀድማል። ተነሥቼ ስጸልይ ጉባኤው ያለቅሳል። "መንፈስ ወርዶበታል" ተባለ፣ እጄን እንድጭንበት ቤታችን ድረስ የመጣ ሰው አለ። ትንሽ ቆይቶ ርእሰ መምህሩን በሰልፍ ላይ፣ ተማሪ ፊት ሰደብኩ፤ በዝናብ ባዶ እግሬን ዳሞታ ተራራ ላይ ወጥቼ ሰው ይዞኝ ወረደ። ያን ጊዜ ያው ሰው "ጋኔን ነው" አለ።

ከዚያ ወደቅሁ። ፊት መታጠብ እንኳ ከአቅሜ በላይ ሆነ። ኦቶና ወዳለው ሆስፒታል የወሰደችኝ ምሕረት ናት። ሐኪሙ ረጋ ብሎ፣ "ባይፖላር ይባላል። ስሜት ከልክ በላይ ይወጣል፣ ከልክ በላይም ይወርዳል። ስኳር ያለበት ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይኖር የለ? አንተም እንደዚያው ትኖራለህ" አለኝ። እውነቱን ነበር፣ ዳንኩ።

የከበደኝ ግን ከመታመሜ ይልቅ መዳኔ ነው። ትምህርት ቤቱ "ለጊዜው ቤተ መጻሕፍት አግዝ" አለኝ፣ ጊዜውም ሳያልቅ ቀረ። መዘምራኑ "ዕረፍት አድርግ" አሉኝ። ቤት ውስጥ ስስቅ እናቴ ምሕረትን ታያታለች፤ ዝም ስል ምሕረት እናቴን ታያታለች። አዲስ ሸሚዝ ስገዛ ሁለቱም ይደነግጣሉ። ገበያ ላይ ዋጋ ስከራከር ድምፄ ከፍ ካለ፣ ከኋላዬ "መድኃኒቱን ሳይውጥ ቀርቶ ይሆናል" የሚል አይጠፋም። እንደ ሰው መናደድ ተከለከልኩ፣ እንደ ሰው መደሰትም እንደዚሁ።

ማርቆስ ከደቡብ አፍሪካ የደወለልኝ በዚህ መሀል ነው። ተማሪዬ ነበር፣ ከመታመሜ በፊት ከአገር የወጣ። "ቲቸር፣ ሱቅ ከፍቻለሁ። የማምነው ሰው ቸግሮኛል፣ ና!" አለኝ። ስለ እኔ ምንም አልሰማም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያጓጓኝ ገንዘቡ አልነበረም። እንደ ድሮው ያየኛል ብዬ ነው።

የመንገዱን ነገር የሄደበት ያውቀዋል፣ ላልሄደበት ብነግረውም አያምነኝም። ሞያሌን አልፈን፣ በጭነት መኪና ከከረጢት በታች ተኝተን ነው የሄድነው፣ ተኝተን ከተባለ። አንድ ድንበር ላይ ፖሊስ አውርዶ ፈተሸንና ካልሲዬን ፈታ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"መድኃኒት ነው፣ ጌታዬ።"

"የምን?"

"የአእምሮ።"

ከረጢቱን አየ፣ መኪናውን አየ፣ እኔን አየ። "በዚህ ተጭነህ ደቡብ አፍሪካ ልትገባ? እንግዲያው መድኃኒቱ አይሠራም ማለት ነው!" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ካልሲውን ግን ከነመድኃኒቱ ኪሱ ከተተው።

እንደደረስኩ ማርቆስ የስደተኛ ወረቀት ወደሚሰጥበት ቢሮ ወሰደኝ። ሰልፉ ጎዳናውን ይዞ ይዞራል። ተራዬ ሲደርስ ሰውየው ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

"አገርህን ለምን ለቀቅህ?"

"ሁሉም ሰው ስለሚያውቀኝ።"

አሁን ቀና አለ። "ታዋቂ ሰው ነህ?"

"በሰፈሬ፣ አዎ።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና "ፖለቲካ" ብሎ ጻፈ።

ሱቁ ያለው ድሆች በሚኖሩበት፣ "ሎኬሽን" በሚሉት ሰፈር ነው። የምንሸጠው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነን፣ የምንተኛውም እዚያው ከዕቃው ጀርባ ነው። ምግባቸው ፓፕ ይባላል። በቆሎ ነው፣ እንደኛው በቆሎ፤ ግን ጎመን የለው፣ ዳጣ የለው፣ ዘመድ የሌለው ገንፎ። የሶዶ ሐምሌ ጭጋግና ዝናብ ነው፣ ቢበርድም ምክንያቱ ይታያል። እዚህ ሐምሌ ላይ ፀሐይ ፍጥጥ ብላ እያበራች አጥንት ይንቀጠቀጣል። ስሜንም የሚጠይቅ የለም። ትልቁም ትንሹም "ማይ ፍሬንድ" ነው የሚለኝ፤ ማርቆስም "ማይ ፍሬንድ" ነው፣ ከእኔ በፊት የነበረው ልጅም "ማይ ፍሬንድ" ነበር። መጀመሪያ ላይ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጮክ ብዬ ሳቅሁ፣ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

ክሊኒክ ነበረ፣ ሩቅም አልነበረ። ግን ማርቆስ "የት ነህ?" ቢለኝ ምን እላለሁ? ደህና ነኝ ብዬ ሳልሄድ ቀረሁ። ሱቁ ሳይነጋ ይከፈታል፣ ሰፈሩ ካልተኛ አይዘጋም። ከተዘጋም በኋላ ሌባ መጣ አልመጣ እያሉ በአንድ ዓይን ነው የሚተኛው። የዚህ በሽታ ክፋቱ፣ የመጀመሪያ ምልክቱ ደስታ መሆኑ ነው። ሰውነቴ ቀለለኝ። እናቴ አጠገቤ ብትኖር እህል ስበላ ብቻ አይታ ትይዘኝ ነበር። እዚህ የሚያየኝ ሰው አልነበረም። ለዚሁ አይደል የመጣሁት?

አንድ ቅዳሜ ማርቆስ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ከተማ ሄደ። እኔ ፍርግርጉን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ዳቦውን፣ ዘይቱን፣ ስኳሩን "ውሰዱ፣ የእግዚአብሔር ነው" እያልኩ አደልኩ። በወላይትኛ እየዘመርኩ። ሰው ተሰለፈ፣ ጭብጨባ ሆነ፣ አንዲት አሮጊት እጄን ሳመችኝ። ማርቆስ ሲመለስ መደርደሪያው ባዶ ነበር፣ እኔም መሀሉ ቆሜ ለባዶው እዘምራለሁ።

አልመታኝም። በሩን ዘጋና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከስልኬ የምሕረትን ቁጥር ፈልጎ ደወለ፣ ብዙ ሰማት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣

"ቲቸር፣ ለምን አልነገርከኝም?" አለ።

"ብነግርህ ትቀበለኝ ነበር?"

"አልቀበልህም ነበር" አለኝ።

ስለ እውነቱ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

ቀጥሎ መውደቁ መጣ። ከዱቄት ከረጢቶች ጀርባ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። ምሕረት ከሶዶ እየደወለች ማርቆስን ታስተምረዋለች፤ "በልቷል? ገላውን ታጥቧል? ብቻውን እንዳትተወው።" እሱም ደግፎ ክሊኒክ ወሰደኝ። መድኃኒቱ ተጀመረልኝ፣ ቀስ በቀስም ተነሣሁ። ማርቆስ ለማታው ሌላ ሰው ቀጥሮ እኔን በጊዜ ያስተኛኝ ጀመር። ሲመሽ ኪኒኔንና አንድ ብርጭቆ ውኃ ሳይናገር ፊቴ ያስቀምጣል፣ እስክውጥም አይሄድም። የሸሸሁት ዓይን ይኸው ነበር። አሁን ያቆመኝም እሱው ነው። ማርቆስ ግን ሱቅ አለው፣ የራሱ ጭንቀት አለው፤ ዕድሜውን ሙሉ እኔን ሲጠብቅ አይኖርም። ስለዚህ አገሬ ልግባ አልኩ። ሰው ይወቀኝ፣ ይየኝ፣ በኋላዬም ያንሾካሹክ። ማርቆስም ትኬቱን እችላለሁ አለኝ።

ይህን ላበስር እሑድ ከሰዓት ደወልኩ። ምሕረት ገና "ሃሎ" ሳልላት፣ "አቤል፣ ደስ የሚል ነገር አለ!" አለችኝ። ከበዴሳ ከተማ እሷን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጥተው ኖሯል። ልጁ አስተማሪ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ትወደዋለች። ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ሽማግሌ ልኮ፣ "በዘራቸው አለ" ተብሎ እንደቀረ አውቃለሁ። እሷ አንድ ቀን አንሥታብኝ አታውቅም።

"ስለ እኔ ጠየቁ?" አልኳት።

"ጠየቁ።" ድምፅዋ ዝቅ አለ። "እማ 'ትልቁ ልጄ ውጭ አገር ነው፣ ይሠራል' አለቻቸው። ደስ አላቸው።" ከዚያ ቶሎ ብላ፣ "ለሰርጉ ትመጣለህ አይደል? ወንድሜ ሳይኖር እንዴት ብዬ ነው የማገባው?" አለች።

ከልቧ ነው። ምሕረት ከልቧ ያልሆነ ነገር አትናገርም።

"ወረቀቴ ገና ነው" አልኳት። "ከወጣሁ አያስገቡኝም። አልችልም፣ ምሕረቴ።"

በስልኩ ውስጥ ትንፋሿን ሰማሁት፤ ረጅም፣ ብዙ ጊዜ ተይዞ የቆየ ትንፋሽ። እሷም መስማቴን ሰማች መሰለኝ፣ ወዲያው ማልቀስ ጀመረች። "አታልቅሺ፣ ሙሽራ አያለቅስም" ብላት ባሰባት።

እናቴ ስልኩን ተቀበለቻት። የምንነጋገረውን አልሰማችም። በወላይትኛ፣ "ልጄ፣ እዚያ አሁን ብርድ ነው?" አለችኝ።

"አይ፣ እማ" አልኳት፣ ጃኬቴን አንገቴ ድረስ እየቆለፍኩ። "ይሞቃል።"